መከታ ሰው እንዳታይ

የካቲት 9 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጎባ

ዛሬ ከዲንሾ ውሻ ይዤ ገባሁ።

ሌባ ቤቴን ከገለበጠው ሦስት ሳምንት ሆነው። ካፖርቴን፣ የወለተኢየሱስን ጥበብ ቀሚስና የአባቴን ኮርቻ ነው የወሰደው። ባለቤቴ ቀሚሷን አልቅሳ ረሳችው፤ እኔን ግን ኮርቻው አንገበገበኝ። አባቴ ከሸዋ ወደ ባሌ የመጣው እሱ ላይ ተቀምጦ ነበር። መሥሪያ ቤት ስገባ ደጀኔ ከመዝገቡ ቀና ይልና «ዛሬስ ምን ተረፈህ?» ይለኛል። ክፍሉ በሙሉ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ዲንሾ አካባቢ ጸጉራም በጎች ያረባ የነበረ ፈረንጅ ሰሞኑን አገሩ ገባ። ከመሄዱ በፊት ውሾቹን ባንድ ጠዋት በጠመንጃ አስጨረሳቸው አሉ። አንዲት የስምንት ወር ውሻ ብቻ አምልጣ ሜዳ ገባች። ቀዩን ቀበሮ እዚህ አገር ጀዳላ ነው የሚሉት፤ ከጀዳላ ጋር ፍልፈል እየቆፈረች ስትኖር ወዚር የሚባል የእርባታው ሠራተኛ በገብስ ቂጣ አባብሎ ያዛት። ይህን ስሰማ፣ የፈረንጅ ውሻ ደጄ ላይ ካሰርኩ ማን ደፍሮ ይረግጠዋል ብዬ ሄድኩ።

ሳያት ቅር አለኝ። ትንሽ ናት። ጥቁርና ነጭ፣ ጸጉረ ረጅም፣ አንዱ ዓይኗ ሰማያዊ። ወዚር እጁን ከአንገቷ ላይ ሳያነሳ፣

«ጋሼ፣ ይቺ ለጥበቃ አትሆንም፤ ለበግ የተፈጠረች ናት» አለኝ። «እንደ ሰው በጎቹን ትሰበስባለች። ሥራ ካልሰጧት ራሷን ትበላለች።»

«ውሻ ያው ውሻ ነው፤ አሳዳሪውን ይመስላል» አልኩት።

የጭነት መኪናው ላይ ስንወጣ ጉልበቴ ሥር ገብታ እስከ ጎባ ተንቀጠቀጠች። መከታ ብዬ ስም አወጣሁላት።

የካቲት 11

አንድ ደቂቃ አትቀመጥም። ጠዋት ዶሮዎቹን ሁሉ ሰብስባ ማዕዘን ላይ አቆመቻቸው። ወለተኢየሱስ ከጓዳ ወደ ደጅ ስትል እየዞረች ትመልሳታለች። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል የሚሉት ይኼ ነው። መጮኽ ግን የለም። ለሁለት ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸችም።

የካቲት 14

ዛሬ አዋረደችኝ።

ከኛ አጥር በታች የጀሊል ቤት ነው። ጀሊል ቡናና ማር ሊጭን ደሎ መና ይወርድና ወር ይቀራል። ሚስቱ ሰይዳ፣ ሃያ ዓመት የሚሆናት፣ የሰባት ወር ልጇን አዝላ አሥራ አራት በግ ትጠብቃለች። ከቢሮ ስመለስ አሥራ አራቱም በጎች እኔ ግቢ ውስጥ ተጠጋግተው ቆመዋል። መከታ በሩ ላይ በሆዷ ተኝታ ዓይኗን ሳትነቅል ታያቸዋለች። አጥር ዘላ ወርዳ ነው ያመጣቻቸው።

ውጭ ሰው ተሰብስቧል። ሽማግሌው ጃርሶ በዱላው አመለከታት።

«ቱን ሰሬ ሚቲ» አለ። ይቺ ውሻ አይደለችም ማለቱ ነው። «ጀዳላ በግ ሊበላ ሲል እንዲህ ነው የሚተኛው። እኔ ስልሳ ዓመት በግ ጠብቄያለሁ፤ እንዲህ አድርጎ ያየ አውሬ ሳይበላ ሄዶ አያውቅም።»

እኔም እንደዚያው ነው የታየኝ። ሰይዳ ብቻ ሳቀች። የረመዳን ጾም ይዛለች፣ ከንፈሯ ደርቋል፤ ግን እስክትንበረከክ ሳቀች።

«ወላሂ አንዱንም አልነካችም ጋሼ! ልጅ ይዤ ቀኑን ሙሉ የምሮጠውን በአንድ አፍታ ሠራችው። እዩዋት፣ 'ቀጥሎስ?' እያለች እኮ ነው።»

ውሻዋ ሰይዳን አየቻት። እኔን እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

የካቲት 19

ትናንት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳለን ደጀኔ ግቢዬ ገብቶ፣ ከበረንዳው ጃንጥላዬን አንስቶ ወጥቷል። ዛሬ ጠዋት ክፍሉ ሲሞላ ጠብቆ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

«ያቺ የፈረንጅ ውሻህ እጄን ልሳ እስከ በሩ ሸኘችኝ» አለ። «ኮርቻውንም የወሰደው ሰው ቢመጣ ታሳፍረዋለች።»

ኃላፊያችን ሳይቀሩ ሳቁ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። አሥራ ስድስት ዓመት ባገለገልኩበት ቤት የተናቅሁት በውሻ ነው።

የካቲት 20

ሃምሳ አለቃ በየነን አማከርኩ። ጡረታ የወጣ ጎረቤቴ ነው፤ ውሻ በማክፋት የታወቀ። የሱ ውሻ በቀደም ጅብ አባርሯል።

«ስህተትህ ሰው ማሳየትህ ነው» አለኝ። «ሰው ያየ ውሻ አይከፋም። ጨለማ ቤት አስረህ፣ አንድ ሰው ብቻ እያበላው፣ ሁለት ወር ሲቆይ ያየውን ሁሉ ጠላት ይለዋል። ይኼ ያባቶቻችን ሥራ ነው።»

የማገዶ ቤቱን አጸዳን። ቀዳዳውን በጭቃ መረግን። ሰንሰለቷ ክንድ ተኩል ነው፤ እንድትተኛና እንድትቆም ይበቃል። በየነ ጆሮዎቿን በማጭድ ቆረጠ፤ ረጅም ጆሮ ያለው ውሻ ልቡ ለስላሳ ነው ይላል። እኔ እግሮቿን ያዝኩ። ጮኸች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ሰማሁ። ጥሩ ድምፅ አላት። ምግቧ ላይ ሚጥሚጣ ነሰነስንበት።

ወለተኢየሱስ ራት አልበላችም። ለውሻ ብላ።

የካቲት 26

ሁዳዴ ገባ። መከታም እንደ ክርስቲያን ትጹም ብዬ አጥንቱን አስቀረሁ። ንፍሮና ሚጥሚጣ። ይህን ለደጀኔ ነግሬው ሳቀ፤ ከኔ ጋር ሲስቅ ከስንት ጊዜው ነው።

የካቲት 29

የኢድ ቀን ነው። ሰይዳ አዲስ ቀይ ሻሽ አስራ፣ ልጇን አዝላ፣ የተከደነ ሳህን ይዛ መጣች። ጾም ነን ብለን ሳህኑን እንደተከደነ መለስንላት። አልተቀየመችም፤ «ለፋሲካ እክሳለሁ» አለች። ወለተኢየሱስ ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ታቅፋ አልመልስም አለች። አሥራ አንድ ዓመት ተጋብተን ለእኛ እግዜር ልጅ አልሰጠንም።

ከማገዶ ቤቱ ድምፅ መጣ። መከታ ድምፅዋን አውቃ ነው መሰለኝ በሩን ትቧጥጣለች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት» አለች ሰይዳ። «ቀን ቀን ስጡኝ። በጎቼን ትጠብቅልኛለች፣ ሲመሽ ራሴ አመጣታለሁ። ማታ ማታ እርስዎን ትጠብቅ።»

«በሃይማኖታችሁ ውሻ ነውር አይደለም እንዴ?»

«አፏ ከነካኝ ሰባት ጊዜ እታጠባለሁ፣ አንዱን በአፈር። ለከብት ጠባቂ ግን ይፈቀዳል፤ ሼኻችንን ጠይቄያለሁ።»

አስቀድማ ጠይቃለች ማለት ነው። በኔ ውሻ ላይ ከሼኽ ጋር ተማክራለች። ገና ትምህርቷን አልጨረሰችም አልኳት። ወለተኢየሱስ መሬት መሬት ታያለች። ሁለቱም በኔ ላይ አንድ የሆኑ መሰለኝና ቀኑን ሙሉ ተከፋሁ።

መጋቢት 5

ዛሬ ምግብ ይዤ ስገባ አጉረመረመችብኝ! በየነ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ።

የፊት እግሯን እየበላችው ነው። አጥንቱ ሊታይ ምንም አልቀረው። ወዚር ያለው ትዝ አለኝ፤ ግን ቁስል ያለበት ውሻ ይበልጥ ይከፋል ይላል በየነ።

መጋቢት 9

ደክሞኛል። ዝናብ። መከታ ክብ እየዞረች ሰንሰለቱን እንጨቱ ላይ ትጠመጥማለች፤ ስፈታው መልሳ ትዞራለች። ሌላ ሥራ የላትም።

መጋቢት 13

ነገሩ ለምን እንደዘገየ አወቅሁ። ከማገዶ ቤቱ ጀርባ ጭቃው ተፈንቅሏል፤ ቀዳዳው ሥር የገብስ ቂጣ ፍርፋሪ አለ። አድፍጬ ጠበቅሁ። ሰይዳ ናት። ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ቆም ብላ ቂጣ ታሾልክላታለች። «መኪ፣ መኪ» እያለች በቀዳዳው ታወራታለች። ውሻዬ ታዲያ እንዴት ትክፋ?

ወለተኢየሱስን «ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«አውቅ ነበር» አለች። «እርስዎ የሚነሰንሱትን ሚጥሚጣ እኔም እያጠብኩ ነው የምሰጣት።»

አልመታኋትም። ሌላ ሰው ቢሆን ይመታ ነበር።

በየነን ጠየቅሁት። «የምታጎርሳትን ካልጠላች ዘብ አትሆንህም» አለ። ምን ማድረግ እንዳለብኝም ነገረኝ።

መጋቢት 14

ከገበያ ቀይ ሻሽ ገዛሁ። በራሴ ላይ አሰርኩት። የወለተኢየሱስን ነጠላ ተከናነብኩ፣ ቂጣ ያዝኩ። «መኪ» ብዬ ገባሁ። ጅራቷን እየቆላች፣ በሆዷ እየተሳበች መጣች። ያን ጊዜ በአለንጋ ገረፍኳት።

አምስት ቀን እንዲህ ይደረጋል። ሥልጠና ነው። ሰው አላየኝም፤ ባያየኝም ጥሩ ነው።

መጋቢት 19

ዛሬ ቀይ ሻሹን ገና ስታይ ዘላ ሰንሰለቱ አነቃት። ቂጣውን አላየችውም። ተፈጸመ።

መጋቢት 21

ፈታኋት። ደጀኔን «ጃንጥላዬ በረንዳው ላይ ነው፣ ደፋር ከሆንክ ና» ብዬው ነበር፤ ከሥራ በኋላ ሁለት ሰው አስከትሎ መጣ። በሩን ገፋ አድርጎ አንድ እግሩን እንዳስገባ ነው የደረሰችበት። የሱሪውን ቁራጭ በአፏ አስቀርታ፣ እሱ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ «ተክለማርያም፣ ያዝልኝ! ያዝልኝ በልጅ አምላክ!» ሲል ሰፈር ሰማ። ቀስ ብዬ ነው የወጣሁት። እንደ ዛሬ ተደስቼ አላውቅም። ኃላፊያችን ራሳቸው ቡችላ ስትወልድ አንድ ያዝልኝ አሉኝ።

መጋቢት 23፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስንመለስ ቤቱ ባዶ ስለነበር መከታ ተፈትታ ነበር። የሰይዳ ግልገል በአጥሩ ሾልኮ ግቢያችን ገብቷል። ሰይዳ እሱን ልታወጣ በሩን ከፍታ ገብታ ነበር፤ እግዜር ይመስገን ልጁን ለእናቷ ለጁሀራ ትታው ነው የመጣችው። እኛ ከመንገዱ ራስ ሆነን እናያታለን። ቀዩን ሻሽ አስራለች። ውሻዋን አልፈራቻትም። እጇን ዘርግታ «መኪ» አለቻት።

ክንዷን ነው የያዘቻት። ጫረቻት እንጂ አልነከሰቻትም ለማለት ይቻላል፤ ደሙ ግን ብዙ ነበር። ሮጬ ደርሼ በጃንጥላው ስመታት ዞራ የግራ እጄን ያዘችኝ። ሃምሳ አለቃ በየነ የመጥረቢያ እጀታ ይዞ መጣ። አልሸሸችም። በጎቹ ፊት እንደምትተኛው በሆዷ ተኝታ እያየችን ነው የጨረስናት። ብዙ ጊዜ ወሰደብን።

ሰፈሩ ተሰበሰበ። ጃርሶም፣ ጁሀራም። ሁሉም እኔን ያያሉ። ያን ጊዜ «አብዳለች!» አልኩ። «አፏ አረፋ ደፍቆ ነበር፣ እኔንም ነክሳኛለች፣ አብዳለች!» በየነም አረፋውን አይቻለሁ አለ።

ያበደ ውሻ የእግዜር ቁጣ ነው፤ ማንም አይጠየቅበትም። ያከፉት ውሻ ግን ባለቤት አለው። ጀሊል ሲመለስ ሽማግሌ አስቀምጦ ማን አከፋት፣ እንዴት አከፋት ቢባል፣ የቀይ ሻሹ ነገር ይወጣል። ይኼ ሁሉ የታሰበኝ ባንድ ቅጽበት ነው።

ሰይዳ ምንጩ ላይ ተቀምጣ ክንዷን ሰባት ጊዜ አጠበች። አንዱን በአፈር። «ምን አደረግኳት?» ትላለች ደጋግማ። «ምን አደረግኳት?»

መጋቢት 24

የእንስሳት ሕክምና ረዳቱ አበበ ተቆጣኝ።

«ለምን ገደላችኋት? የነከሰ ውሻ ታስሮ አሥር ቀን ይጠበቃል። ካላበደ በሕይወት ይኖራል፤ ነገሩም ያልቃል። አሁን በምን እንወቅ?»

ሬሳውን ከጉድጓድ አስወጥቶ አንገቷን ቆረጠ፤ ጭንቅላቷን መድኃኒት ጨምሮ ቆርቆሮ ውስጥ አሽጎ ሰጠኝ። አዲስ አበባ ወስጄ ሲመረመር እውነቱ ይታወቃል፤ እስከዚያው እኔ ሆዴ ላይ መርፌ እጀምራለሁ። አሥራ አራት ነው።

«ሌላ የተነከሰ ሰው አለ?» አለኝ እየጻፈ።

«የለም» አልኩ።

ጫረቻት እንጂ አልነከሰቻትም። ደግሞ ሕፃን ያላት ሴት ባሏ በሌለበት ያን ሁሉ መንገድ አብራኝ ብትሄድ ሰው ምን ይላል? ደግሞም እዚያ ሐኪም ሲጠይቃት ስለ ቂጣውና ስለ ጨለማ ቤቱ ሁሉ ታወራለች።

መጋቢት 27፣ ሻሸመኔ

አውቶቡሱ ውስጥ ቆርቆሮው ይሸታል። አንዲት ሴት ምንድነው ብትለኝ የበሰለ ቅቤ አልኳት። በሁዳዴ ቅቤ ይዘው ይሄዳሉ ብላ ፊቷን አዞረች።

መጋቢት 28፣ አዲስ አበባ

መርፌ ጀመርኩ። እንዲህ ያመኛል ብዬ አላሰብኩም። የአክስቴ ልጅ ይርጋለም ቤት ነው ያረፍኩት። ውኃ ባየሁ ቁጥር እንዳልፈራ እፈራለሁ። ትናንት ብርጭቆውን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ብሞትስ? ኮርቻ ለሚሰርቅ ሌባ ብዬ በአርባ ሁለት ዓመቴ እየጮኽሁ ብሞትስ?

ሚያዝያ 3

ዳንኩ! መርማሪው ወረቀቱን ሰጠኝ፤ ቀኑና ማኅተሙ አለበት። በአንጎሏ ውስጥ የእብደት በሽታ ምልክት አልተገኘም። ውሻዋ ጤነኛ ነበረች። መርፌውን በስድስተኛው አቋረጡልኝ።

ከፒያሳ እስከ ይርጋለም ቤት በእግሬ ስሄድ ሰውን ሁሉ ሰላም እያልኩ ነበር። ስደርስ ሦስት ብርጭቆ ውኃ ጠጣሁ።

ጤነኛ ነበረች ማለት ታዲያ... ይሁን። ፈቃዴ እስኪያልቅ ሳምንት አለኝ።

ሚያዝያ 6

ከወለተኢየሱስ ደብዳቤ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ መጣ። እሷ መጻፍ አትችልም፤ አበበን ነው ያስጻፈችው። ስለዚህ የሰይዳን መነከስ ነግራዋለች ማለት ነው። እኔን ሳታማክር።

እንዲህ ይላል፦ «አበበ ሰይዳም አዲስ አበባ ሄዳ ትወጋ ቢል እናቷ ጁሀራ ባሏ ሳይኖር ሕፃን ይዛ አትሄድም አለች። የእብድ ውሻ መድኃኒት የሚያውቅ ሰው ከሃረና አስጠርተዋል። ሥሩን ሲያጠጣ ብርቱ ነው፣ የሚድን ይድናል፣ የማይችለው ይሞታል ይባላል። የሐኪሞቹን ቃል ይላኩልን። ውሻዋ ጤነኛ ከነበረች አያጠጧትም። ቶሎ ይላኩልን።»

ቶሎ የሚለው ሁለት ጊዜ ተጽፏል።

ሚያዝያ 7

ቴሌግራም ቤት ሄጄ ነበር። ወረቀቱን ሞላሁ፦ ውሻ ጤነኛ፣ መድኃኒት አታጠጡ። አራት ቃል። ከዚያ ሳስበው የጎባ ቴሌግራም ተቀባይ የደጀኔ ሚዜ ነው። ተክለማርያም ጤነኛ ውሻ አብዳለች ብሎ ገደለ፣ በጤነኛ ውሻ ሰው አስነከሰ፤ ሰዓት ሳይሞላ መሥሪያ ቤታችን ይደርሳል። ቀደድኩት። እንዲህ ያለ ነገር በአካል፣ በእርጋታ ነው የሚነገር። የሃረናው ሰውዬ ደግሞ እስኪመጣ ይቆያል፤ እነዚህ ሰዎች ቀጠሮ አያውቁም።

ሚያዝያ 9

ለይርጋለም ነገሩን በሌላ ሰው አስመስዬ አወራኋት። ሳልጨርስ «ያ ሰውዬ እስካሁን ቴሌግራም አልላከም?» አለችኝ። ልኳል አልኳት። ነገ እሳፈራለሁ።

ሚያዝያ 12፣ አዳባ

የበልግ ዝናብ መንገዱን በልቶታል። አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ነው፤ ሁለተኛ ቀናችን። እዚህ ስልክ አለ ይላሉ። ሄጄ ነበር፤ ሰልፍ ነው። ተመለስኩ። ወረቀቱ ደረት ኪሴ ውስጥ አለ፤ እየነካሁ አረጋግጣለሁ። ነገ እንገባለን።

ሚያዝያ 15፣ ጎባ

ትናንት ነው የሞተችው።

መድኃኒቱን የጠጣችው ሚያዝያ 12 ጠዋት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ አስታወካት፣ አስቀመጣት፤ ደም እስኪሆን። ከአውቶቡስ ወርጄ ሻንጣዬን እንደያዝኩ ከነሱ ደጅ ሰው አየሁና አወቅሁ። ጀሊል ከቀብር በኋላ ነው ከደሎ መና የደረሰው። በቅሎዎቹ ሳይራገፉ ደጅ ቆመዋል።

ለቅሶ ገባሁ። ጁሀራ ተነስታ ጉልበቴን ያዘች፤ እኔ ስሸሽ እሷ ትይዘኛለች።

«እርስዎን እንኳን አላህ አተረፈልን» አለች። «ለእርስዎ መርፌው ደረሰ፤ ለኔ ልጅ መድኃኒቱ ዘገየ። መርዙ ቀደመው፣ ያ ረቢ፣ ቀደመው።»

ጀሊል አጠገቡ አስቀመጠኝ። «የአዲስ አበባ ሐኪሞች ምን አሉ? ያበደች ናት አሉ?»

ሁሉም ያዩኛል። አዎ አልኩ። የሞተን አያስነሳም፤ የቀሩትን ግን ያጽናናል ብዬ ነው። ከሰው ቁጣ የእግዜር ቁጣ ይሻላል።

ሚያዝያ 16

ጁሀራ ልጁን ታቅፋ እንዲህ ስትል ሰማሁ፦ «ጡቷን እስከ መጨረሻው ቀን ጠብቷል። መርዙ በወተቷ ገብቶበታል። ሐኪሞቹም አረጋግጠዋል። መድኃኒተኛው ሳይመለስ ነገ ጠዋት ለሱም ትንሽ ይሰጠው።»

ዘጠኝ ወር ያልሞላው ልጅ ነው። ተነስቼ ወጣሁ። ልናገር ነበር፤ ሰው በዝቶ ነበር። ትናንት አዎ ብዬ ዛሬ አይደለም እንዴት እላለሁ? ማታ አስቤበት ነገ በማለዳ ለጀሊል ለብቻው እነግረዋለሁ።

ወለተኢየሱስ ሆዴ ላይ ያበጠውን በሞቀ ጨርቅ ስትጠርግልኝ፣ «መርፌው ስንት ነበር?» አለች። አሥራ አራት አልኳት። ጣቷ ቆዳዬ ላይ አንድ በአንድ ሄደ፤ ስድስት ላይ ቆመ። ኮቴን ከምስማሩ አነሳች፣ ደረት ኪሱን ፈተሸች፣ ወረቀቱን አወጣች።

«ያበበን ቤት አውቀዋለሁ» አለች። «እሱ ያነብልኛል። አንተ ተቀመጥ።»

ከተጋባን ጀምሮ እርስዎ ስትለኝ ነው የኖረችው። በሩ ላይ ልቆም እችል ነበር። አልቆምኩም። ሮጣ ነው የወረደችው፤ ነጠላዋ አጥሩ ላይ ቀርቷል።

ሚያዝያ 18

ሕፃኑ አልጠጣም። አበበ ራሱ ሄዶ ነግሯቸዋል።

ወለተኢየሱስ እዚያው ናት፤ ልጁን ትይዛለች። ልብሷን የሚወስድ ሰው ላከች። መሥሪያ ቤት አልሄድኩም።

ዛሬ ከሰዓት ጀሊል መጣ። ዱላ ይዞ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ባዶ እጁን ነው። ግባ ብለው አልገባም። በሩ ላይ ቆሞ ወረቀቱን ዘረጋልኝ።

«እኔ ማንበብ አላውቅም ጋሽ ተክለማርያም» አለ። «ሌላውን አበበ አንብቦልኛል። ቀኑን እርስዎ ያንብቡልኝ።»

«ሚያዝያ ሦስት» አልኩ።

በጣቶቹ ቆጠረ፤ ከሦስት እስከ አሥራ ሁለት፣ ሰይዳ መድኃኒቱን እስከጠጣችበት ቀን። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሲጨርስ እንደገና ቆጠረ፣ የተሳሳተ መስሎት ነው። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ በጥንቃቄ መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠው፤ ሰላምም ሳይል፣ ሳይረግመኝም ቁልቁል ወረደ። ቢረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰው ነገ የሚለውን ይላል። ደጀኔም ይላል። ግን እውነቱ በዚህ ደብተር ይቀመጥ፦ ሕፃኑ የተረፈው በዚያ ወረቀት ነው። ወረቀቱን ከአዲስ አበባ ድረስ ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ።